ውጤትሽ እስኪመጣ ያልነገርንሽ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ ደግ ሰው አይጥፋብሽ። እህትሽ ሰላም ትልሻለች። የጓሮው በር ተሠርቷል።

ሦስት መቶ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ አመልክቶ ሁለት ብቻ በወሰዱበት የስፖርተኞች ማዕከል ለልምምድ መመረጥሽን እህትሽ ስትነግረኝ፣ ስፌት ላይ ነበርኩ። ጎረቤቱ እልል አለ። እኔ ግን ደስታውም ለቅሶውም አልመጣልኝም፤ መስፋቴን ቀጠልኩ። የምሰፋው የአባትሽን ሱሪ ነበር፤ የቀኝ እግሩን እያሳጠርኩ።

ልጄ፣ የአባትሽን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ከቆረጡት አንድ ወር ሆነ። ስኳሩ ነው፤ ቁስሉ አልድን ብሎ። «ሐሳቧን እንዳትበትኚባት፤ ውጤቷ እስኪታወቅ ቃል እንዳይወጣሽ» ስላለኝ፣ በደወልሽ ቁጥር «ተኝቷል» እያልኩ ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።

መመረጥሽን ስነግረው፣ «ሯጮቹን ከመንካቷ በፊት በእኔ ትለማመዳ» አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የቀለደው ያኔ ብቻ ነው። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

እንግዲህ ምግብሽን አትዝለይ። ልምጣ ብለሽም እንዳትነሺ፤ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡብሻል። እሁድ ግን በቪዲዮ ደውይለትና ስለ እግሩ ራሱን ጠይቂው። ስታለቅሺ አይስማሽ። ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ አሳዪው፤ እኔ ልደግፈው ስል ይቆጣል፣ አንቺን ግን ይሰማል። ስልኩን ይዤልሽ እቆማለሁ።

እጅሽ ለሁሉም ፈውስ ይሁን።

እናትሽ