ጭጭ የለየችው ድምፅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ለሆዴ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ፤ ግን በስልክ ለመናገር የማልደፍረው ነገር ገጥሞኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የመዘምራን ልብስ በሚሰቀልበት ክፍል ልጃገረዶቹን ስለ ጸጋ ስጦታ አስተምራለሁ። ሐሳቡ እያንዳንዷ ስጦታዋን አግኝታ እንድትሠራበት ነው። መጀመሪያ ቀን ምን እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው ሁሉም ትንቢት አሉኝ። መጥረጊያ የሚያስነሳ ስጦታ ግን አንዷም አልተመኘች! ቀስ እያልኩ አንዷን በሽተኛ እንድትጠይቅ ላክኋት፣ ሌላዋ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። ለፍላፊዋም ከአሮጊቶቹ ጋር ስትቀመጥ ዝም ብሎ መስማት እንደምትችል ሲገባት ራሷ ደነገጠች።

ከዝምታዋ የተነሳ ጭጭ የምንላት ልጅ ብቻ ቀረች። ማንም ያልመረጠው መናፍስትን መለየት ነበርና እንደ ቀልድ «በይ አንቺ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለዪልን» አልኳት። የመዘምራኑ መሪ አንድ ቀን ጸልያ ስትጨርስ ጭጭ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የተጣሉት?» አለቻት። ሴትዮዋ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አጠገቧ መቀመጥ ፈሩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ፈራሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት በትምህርቱ መሃል ደወልሽ። ደስ ብሎኝ ሁሉም እንዲሰሙሽ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ ልጆቹ ተንጫጭተው ሰላም አሉሽ፣ አንቺም «በርቱ፣ እማዬን አታስቸግሯት» አልሻቸው። እዚያ ሰው አገር ሆስፒታል ተኝተሽ ከወጣሽ ወዲህ ድምፅሽ እንደጎረነነ ነው፤ የስልክሽ ካሜራም እስካሁን አልተሠራም። ስልኩ ሲዘጋ ጭጭ በተሰቀሉት ልብሶች መሃል ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ማን ናት?»

«ልጄ ናት እንጂ! ማን ልትሆን ኖሯል?»

«አይደለችም። ክፉ ሰውም አይደለችም፤ አዝናልዎት ነው። መንገሩን ፈርታ ነው።»

ጮህኩባት። ስጦታሽ ከእግዚአብሔር አይደለም ብዬ አስወጣኋት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ አልመጣችም። ቤቷ ሄጄ ልታረቃት ብል ያለችው እውነት ነው ማለቴ ይሆናል፤ ስለዚህ አልሄድኩም።

ማክሰኞ ደግመሽ ደወልሽ። አፌን ቢቆርጠው ይሻል ነበር፣ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» አልኩሽ። አንቺም «እኔም ናፍቆኛል፣ ሳሚልኝ» አልሽኝ።

ልጄ፣ አባትሽን እኮ አብረን ነው የቀበርነው። አንቺ ነበርሽ እኔን ደግፈሽ የቆምሽው።

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቁጥሩን አየሁት፤ የአንቺው ቁጥር ነው። «እማዬ፣ አለሽ?» አለኝ ድምፁ። አለሁ አልኩ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።

ይህን የምታነቢው ልጄ ከሆንሽ፣ በሽታ ያዘነጋል፤ በእናትሽ ጅልነት ሳቂና ተዪው። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናልኝ።

ካልሆንሽ ግን፣ አንቺ የማላውቅሽ ልጅ፣ አልተቀየምኩሽም። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው እናት እንዳትሞት ብለሽ ተጨንቀሻል። ስትታመም አጠገቧ ነበርሽ? ውሃ ትጠጣ ነበር? እጇን የያዘላት ሰው ነበር? አንቺ ከሆንሽ የያዝሽላት፣ ያን እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው። የት እንዳረፈች ጻፊልኝ፤ ደረቴን ሰጥቼ አነበዋለሁ። ብቻ ከነገርሽኝ በኋላም መደወሉን አትተዪ። እማዬ የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ማንም ብትሆኚ፣
እናትሽ ነኝ