የድልድዩ ተራ ወታደር፤ በካርቱን የተሳቀባቸው የልብስ ሰፊው አጎታችን የሕይወት ታሪክ

ልብስ ሰፊው አጎታችን ከአናጺ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1960 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፉት የሌላ ሰው ስፌት ሲፈቱ ነው። የቸኮለም ያኮረፈም በክሩ ይታወቃል ይሉ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. አንድ መስኮትና ሁለት የስፌት መኪና ያላት የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። አዋላጅ ነርስ የነበሩትን ባለቤታቸውን ያወቋቸው የሥራ ጋውናቸውን ኪስ ሊያሰፉ በመጡ ጊዜ ነው። ኪሱ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ጥፋቱ የማን እንደነበር በቤታችን እስከ ዛሬ አልተወሰነም። በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1972 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1975 ዓ.ም. የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደረቱ በብል አልቆ ጀርባውና እጅጌው ብቻ የቀረ አሮጌ ኮት ለጥገና ይዘው መጡ። ኮቱ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ እስኪሸሽ ድልድዩን ሦስት ቀን ከያዙት አርባ ወታደሮች የአንዱ ነበር። የአዛዦቹ ስም በመጽሐፍ አለ፤ የአርባዎቹ የለም። አጎታችን ገበሩን ሲፈቱ ወታደሩ ራሱ የሰፋው ቅዳጅ አገኙ። ስፌቱ ጥብቅ ሆኖ ይጀምርና መሀል ላይ ተዛብቶ፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ይጠብቃል። ያን ቀን ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የነገሩት ይህን ብቻ ነው፦ “ይህ ሰው መሀል ላይ ፈርቷል። ግን ጨርሶታል።”

በ1977 ዓ.ም. ከአንድ ፖስተኛ፣ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከአንድ የሒሳብ መምህርና ከሌሎች አሥር ሰዎች ጋር ሆነው የድልድዩን ጠባቂዎች ማኅበር መሠረቱ። አጎታችንም ወታደሮቹን ድልድዩ ላይ የሚያሳይ፣ በመጽሐፍ የታተመ አንድ ፎቶግራፍ እያዩ አሥራ አራት ኮት በእጃቸው ሰፉ። አሥራ አራቱም በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ድልድዩ ላይ ተሰልፈው የሆነውን ለሕዝብ ያሳዩ ነበር፤ እንደ አርባዎቹ መውደቅ ያለበትም ይወድቅ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. የከተማው ጋዜጣ ካርቱኒስት እነሱን መሣል ጀመረ። በሥዕሎቹ ውስጥ ወታደሮቹ ሁሉ ሆዳቸው ከቀበቷቸው በላይ ተንጠልጥሏል፤ መነጽር ያደርጋሉ፤ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ይዋጋሉ። ጠላትን ሻይ እስኪጨርሱ እንዲታገሣቸው ይለምናሉ። የአንዱ ሚስት ከመስኮት ሆና ጦርነቱ ሲያልቅ ዳቦ ይዘህ ና ትላለች። የሞተው ወታደር ደረቅ ቦታ መርጦ ይወድቃል። ይህ የመጨረሻው እውነት መሆኑን አጎታችን አልካዱም፤ ፖስተኛው ቁርጥማት ነበረባቸው።

ከሁሉ ፊት የሚሣለው ባለ ትልቁ ሆድ እሳቸው ነበሩ። ካርቱኒስቱ ኮሎኔል ቦርጬ አላቸው፤ ስሙ ከጋዜጣው ወጥቶ ሰፈር ገባ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ ኮሎኔሉ አሉ ወይ እያለ በሩን ይከፍት ጀመር። ከአሥራ አራቱ አምስቱ አፍረው ከማኅበሩ ወጡ። ሰው ስለሳቀ ብቻ ድልድዩ ባዶ ሊቀር ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ከአጎታችን ልብ አልወጣም።

በ1983 ዓ.ም. ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። ቦርጩ የእሳቸው ስለሆነ እንደማይከራከሩ፣ ነገር ግን በሰልፉ ተራ ወታደር ስለሆኑ ኮሎኔል ብሎ መሾሙ እንዲቀር፣ የኮቱ አዝራርም በተሳሳተ ጎን ስለተሣለ እንዲታረም ጠየቁ። ካርቱኒስቱ በፖስታ ካርድ መለሰ። የሣልሁት የራሴን ኮት አይቼ ነው፤ የእርስዎን ማን አሳየዎት የሚል ነበር።

ጥያቄው እንደ ቀልድ አልታያቸውም። መጽሐፉን ይዘው ወንዙ ዳር ወረዱና ፎቶግራፉን ከድልድዩ ጋር አስተያዩት። በስተቀኝ የሚታየው አሮጌው ወፍጮ ቤት በፎቶግራፉ ውስጥ በስተግራ ነበር። ፎቶግራፉ የታተመው ቀኙ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አሥራ አራት ወንዶች በሴት ኮት አቆላለፍ ድልድይ ጠብቀዋል። የወንድ ኮት በየት በኩል እንደሚቆለፍ ከማንም በላይ የሚያውቁት አጎታችን፣ ያኔ ወጉ ሌላ ነበር ብለው ፎቶግራፉን አምነው የገዛ እጃቸውን ክደው ነበር። ሁለት ቀን ምግብ በቅጡ አልበሉም። በሦስተኛው ቀን መቀሳቸውን አንሥተው አሥራ አራቱንም ኮቶች፣ አፍረው የወጡትን ሰዎች ኮት ጭምር፣ ፈትተው እንደገና ሰፉ። ሁለተኛው ደብዳቤያቸው አጭር ነበር፦ “በአዝራሩ ልክ ነዎት። በማዕረጉ ግን አይደሉም።”

በ1985 ዓ.ም. የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጥታ፣ “አባዬ፣ ሰው እየሳቀብህ ነው፤ ተወው በቃ” አለቻቸው። ዓይኗን ጠርገውላት የመለሱላትን ዛሬም ቃል በቃል ታስታውሳለች፦ “እኔ ላስቃቸው ብዬ አልወጣሁም። ስለሳቁም ብዬ አልገባም።”

በ1987 ዓ.ም. የማኅበሩን የዓመት ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ፣ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር ያስቀመጠውን ካርቱን በጣቱ እየነካ እነዚህ እናንተ ናችሁ ወይ ሲል ጠየቃቸው። አዎ፣ ቦርጫሙ እኔ ነኝ አሉት። ድልድይ የቀልድ መድረክ አይደለም ብሎ ፈቃዱን ከለከለ። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሰው ኮት ለብሶ በእግሩ ድልድዩን ለመሻገር ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቁ። ኃላፊው ስቆ መሻገር የተከለከለ ሰው የለም አላቸው።

ጥር 12 ቀን ጠዋት ዘጠኙ በየሃያ እርምጃው ተራርቀው፣ ያለ መሣሪያና ያለ ከበሮ፣ እንደ ማንኛውም እግረኛ ድልድዩን መሻገር ጀመሩ። ከአውቶቡስ መስኮት የተሳቀው ሳቅ ቀላል አልነበረም። መሀል ሲደርሱ አፍረው ከወጡት ሁለቱ ኮታቸውን ከላስቲክ ከረጢት እያወጡ ተቀላቀሏቸው። ልጃቸውም በትምህርት ቤት ልብሷ መጥታ ጎናቸው ሆና እስከ ማዶ ሄደች። ካርቱኒስቱ ከድልድዩ ጫፍ ቆሞ ያይ ነበር። በሳምንቱ የወጣው ሥዕል ቦርጩን አልቀነሰም፤ ከሥሩ ግን ተራ ወታደር ይላል። አጎታችን ጋዜጣውን ቆርጠው ሱቃቸው ውስጥ ለጠፉት። ፈቃዱ በተከለከለባቸው በቀጣዮቹ አራት ዓመታትም በዚሁ መንገድ ተሻገሩ፤ በአምስተኛው ዓመት ተፈቀደ።

አጎታችን እስከ 2014 ዓ.ም. በሱቃቸው ሠርተዋል። በዚያ ዓመት የልብ ድካም ታመው፣ በባለቤታቸውና በልጃቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመማቸው በጠና ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የድልድዩና የካርቱኑ ነገር እንዲቀር ለመኗቸው። ቀብር ላይ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ አልችለውም አሏቸው። አጎታችን ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ “ለእነዚያ አርባ ሰዎች ማን ጻፈላቸው? ጻፉት” አሉ።

በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ ታናሽ እኅታቸውና በሕይወት ያሉ ስድስት የማኅበር ጓደኞቻቸው ዛሬ በመካከላችን አሉ። ስድስቱ ኮታቸውን ለብሰው የመጡት ተሳስተው አይደለም።

ይህን ታሪክ ቆመው የሚያነቡልን ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ወረቀቱን ከእጃችን የወሰዱት ራሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቦታቸው ጸንተው ከቆሙት ጋር ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን፣ ለሁላችንም የእሳቸውን ያህል አለማፈርን ይስጠን።