ሚካኤልን፣ አልለቅሽም

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 22 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ብስክሌት ላይ ሳልነዳ መቆም ተማርኩ። ወንድሜ ጌታቸው «ቆመሽ ሚዛን ከያዝሽ መንዳቱ ቀላል ነው» ብሎ ኮርቻውን ከኋላ ያዘልኝ። «እንዳትለቀኝ!» ስለው «ሚካኤልን፣ አልለቅሽም!» ብሎ ማለ። አምኜው ሁለቱንም እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። መሪውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝኩ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ «ይዘኸኛል?» ብል «ይዤሻለሁ» የሚለው ድምፁ ከበሩ ዘንድ መጣ። ዞር ስል ወደቅሁ፤ ክርኔ ተላጠ።

«ባልለቅሽ ኖሮ መቼ ትችዪ ነበር?» ብሎ ሳቀ። እናታችንም አብራው ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በጥር የምዳረው አይቼው ለማላውቀው ሰው ነው። ሰውየውን ሄዶ ያየልኝ ጌታቸው ነው። «ገና ጎልማሳ ነው፣ መጠጥም አይቀምስ» ብሎ ትናንት የማለልኝ በዚሁ በሚካኤል ነው።