ድምፁን ያጠፋሁት ስልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት 1፡30
የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ልደታ። ስልኬ አላርፍ አለ። የመ/ቤት ግሩፕ፣ የአብሮ አደጎች ግሩፕ፣ የአክስቴ ልጅ የሠርግ ኮሚቴ። ገና ቁርስ ሳልቀምስ መቶ ምናምን መልእክት። ድምፁን አጠፋሁት። እፎይ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት 10፡00
ደብተሬ፣ አባዬ የምሳ ኢንሱሊናቸውን ተወጉ፣ ረሱና ደገሙት። እህል ሳይቀምሱ። ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘሃራ ሲገቡ ሶፋው ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ አገኟቸው። ስኳር በጥብጠው አጠጧቸው። ለእኔ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል። አሥራ አንድ! ስልኩ ቢሮ፣ ከፊቴ ነበር። ሰዓት ለማየት ሳነሳው ነው ያየሁት። ከሜክሲኮ ልደታ በሩጫ።

አሁን ክሊኒክ ነን። ነቅተዋል። ዶክተሯ ሰው ሳያያቸው እንዳይወጉ አለች። አባዬ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራሽ ሂጂ ይሉኛል። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8። 5፡00
ፈቃድ ወሰድኩ። ወንድሜ ከማል መጣ። ቤቱ ውስጥ ካሜራ እንግጠም፣ ከስልክሽ ሆነሽ ታዪያቸዋለሽ አለ። አባዬ ከአልጋቸው ሰሙ። «እኔ ሱቅ ነኝ እንዴ?» ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ወ/ሮ ዘሃራ መፍትሔ አመጡ። የጠዋትና የማታው መርፌ በእኔ፣ የቀኑ በእሳቸው። ሲጨርሱ ሚስኮል ያደርጉልኛል። እኔ ግን እሰማለሁ ወይ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9። 11፡00
ከግሩፖቹ ሁሉ ወጣሁ። ዳታውን ዘጋሁ። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩ። ስልኬ አሁን መደወያ ብቻ ነው። አክስቴ ተቀይማ ደወለች። የሆነውን ነገርኳት፣ አለቀሰች።

አለቃዬ ግን ጠነከሩብኝ። ትእዛዝ የሚወርደው በግሩፕ ነው፣ ተመለሺ፣ አለዚያ... አልጨረሱትም። እስከ ነገ አስቢበት አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10። 6፡50
ሚስኮል የለም። ለወ/ሮ ዘሃራ ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ደረጃው ላይ ደርሻለሁ።

7፡05
አባዬ ራሳቸው ደወሉ። ተወግተዋል። ወ/ሮ ዘሃራ ወጥ ሲያሞቁ ስልካቸውን ሳሎን ትተውት ነው። «ምሳ እየበላሁ ነው፣ አንቺስ በላሽ?» አሉኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

7፡55
አለቃዬ በር ላይ ነኝ። የምላቸው ይህ ነው፦ ትእዛዝ ካለ ይደውሉልኝ፣ ወይ ይጥሩኝ፣ በአንድ ጥሪ አነሳለሁ። ወደ ግሩፑ አልመለስም። እምቢ ካሉ መልቀቂያዬን እጽፋለሁ። ወስኛለሁ። ስሜን ጠሩ፣ ልግባ።