አሮጌው ሞተር፣ አዲሱ ሞተርና ቀኝ እጅዎ

ውድ እማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? በረንዳው ላይ ያለ ምርኩዝ መራመድ መጀመርዎን ትልቋ ልጅዎ ነግራን እፎይ ብለናል።

እሁድ ሲደውሉ «ታዲያ የትኛውን ወሰድክ? አሮጌውን ነው አዲሱን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እማማ፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል» አልኩና ስልኩን ለሚስቴ፣ ለታናሿ ልጅዎ አቀበልኩ። ድምፅዎ አልተቆራረጠም። አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። በአፍ ያቃተኝን በጽሑፍ መግለጽ ይቀለኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ቤት ስለሠራሁ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልዎ።

አባባ ካረፉ በኋላ ትልቋ ልጅዎን ለማየት ብለው በአውቶቡስ የተነሡበትን ቀን አልረሱትም። ተራራው ሳይጋመስ ወረዱ። እኔ ተደውሎልኝ በሞተሬ ስደርስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊትዎን በውሃ ያብሱ ነበር። ቀና ብለው ሞተሩን አዩትና «ያንተኛው ነገርስ ያስመልሳል?» አሉኝ።

«አይመስለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ያዘኝና አውጣኝ።»

ቀሚስዎን ሰብስበው ከኋላዬ ወጡ። እንዳልኩትም አላስመለስዎም። በዓመቱ ያንን ትልቁን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ገዛሁ። የገዛሁት ለሞተሩ ሳይሆን ለኋላ ወንበሩ ነበር። ጀርባ መደገፊያ አለው፤ ግራና ቀኝ የክንድ መደገፊያ አለው፤ ሦፋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንን መንገድ አብረን ሄደናል። የቢሯችን ፎቶ አንሺ «ሌላው ሰው ከአማቱ ይሸሻል፤ አንተ ጀርባህ ላይ ጭነህ ትዞራለህ» እያለ ሲቀልድብኝ ኖሯል። እኔ ግን እኮራ ነበር። ከተማው እንዳለቀ ሄልሜትዎ ጀርባዬ ላይ ዘንበል ይላል። በየጠመዝማዛው ደግሞ ግራ እጅዎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ይዟት ልጅዋን እንደምታባብል እናት። «አማቴ በሞተር ላይ የሚተኙ ሰው ናቸው» እያልኩ ያላወራሁለት ሰው የለም።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ስንመለስ፣ ተራራው ሥር ያለው ነዳጅ ማደያ ቆመን እርስዎ ውሃ ሊገዙ ገቡ። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ጠጠርም አለበት። ሞተሩን ላስተካክል ስል ወደ ግራ አጋደለብኝ። እግሬን ተከልኩ፤ ወገቤ ግን እምቢ አለኝ። ነዳጅ ቀጂው ሮጦ ባይደርስልኝ ኖሮ መሬት ነበር። እርስዎ ሲወጡ ሁለታችንም ጎማውን የምናይ መስለን ቆመናል። «ምን ሆነ?» አሉ። «ነፋስ ጎድሎት ነው» አልኩ። ነዳጅ ቀጂውም «አዎ እማማ፣ ትንሽ ነው የጎደለው» ብሎ አገዘኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩን ባስነሣሁ ቁጥር የማስበው ስለ ማቆሙ ነው። ብቻዬን ብወድቅ ግድ የለኝም። እርስዎን ይዤ ስለመውደቅ ሳስብ ግን ላብ ያጠምቀኛል።

እርስዎ ጉልበትዎን ለመታከም በትልቋ ልጅዎ ባል አዲስ መኪና የሄዱ ሰሞን፣ ሞተራችን ትልቅ ጥገና ጠየቀ። ከመጠገን መቀየር ይሻላል ብዬ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ያው ሞተር ነው፣ ትውልዱ ይለያል። አሮጌው ከእኛው ጋር አንድ ሆኖ በደንብ የተያዘ ነው። ሦፋው አለ፤ ጎንና ጎኑ ያሉት የዕቃ ሣጥኖች ያንን ሁሉ ለልጅ ልጆችዎ የሚጭኑትን ኮተት ይውጣሉ። ክብደቱም ያው ነው። አዲሱ ቀጠን ያለ ነው። አርባ ኪሎ ያህል ይቀልላል፤ ፍሪሲዮን አይያዝም፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ ቁልፉን ሲጫኑለት እንደ ሰው በእርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተዳፋት ላይ ሞከርኩት። ወገቤ አንዲት ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ሣጥኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ የኋላ መቀመጫውም መደገፊያ የለውም።

«የትኛው ይሻለኛል?» አልኩት ሻጩን።

«ለብቻዎ ነው?»

«አማቴን ከኋላ የምጭን ነኝ።»

ሻጩ የምቀልድ መስሎት ነበር። እንደማልቀልድ ሲያውቅ «ለአማትዎ አሮጌው ነው» አለ። «ለእርስዎ አዲሱ ነው። ለእኔ ደግሞ ሁለቱንም ቢወስዱልኝ ጥሩ ነው።»

በማግስቱ ልጅዎን ይዣት ሄድኩ። እንደሚያውቋት ነው፤ ሞተር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አሮጌው ላይ ወጥታ እጆቿን ዘርግታ «ይሄ ሳሎን ነው» አለች። አዲሱ ላይ ወጥታ ዞር ዞር ብላ «ይሄ ደግሞ በርጩማ» አለች። ሻጩ መስተዋት መጥረግ ያዘ።

ቤት ገብተን «እሷኑ ለምን አትጠይቃትም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«‹እማማ፣ ከእንግዲህ ትወጫለሽ ወይስ ይቅር?› ብለህ ነዋ። ‹አንቺ› ማለቱ ከከበደህ በአንቱታ ጠይቃት።»

አልቻልኩም። እማማ፣ የፈራሁት ይህን ነው። አዲሱን ብገዛ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ገና ሳይነሡ፣ ወንበርዎን ከሥርዎ የነቀልኩብዎ መስሎ ተሰማኝ። «አንቺ ከእንግዲህ ቤት ነሽ» የሚልዎ ሰው ሞልቷል፤ ሐኪሙ ብሏል፣ ጎረቤቱ ብሏል። እኔም ልጨመርበት? አባባ ከሞቱ በኋላ ከዚያ ቤት የሚያወጣዎት ይህ ጉዞ ብቻ እንደነበረ አውቃለሁ። ስለዚህ ወገቤ እንደፈለገው ይሁን ብዬ ለአሮጌው ቆረጥኩ። ሻጩ የእኛን ሞተር በልዋጭ ሊወስድ ተስማማ፤ «ብቻ የኋላ መደገፊያው ቆዳ ተልጧል፤ አሳድሰውት ይምጡ» አለኝ።

ሞተሩን ወደ ጓንቴ ወሰድኩት። ጓንቴ የሚባለው መካኒካችን ነው፤ እጁ ዘይት እንዳይነካ ጓንት ስለማያወልቅ የሰፈሩ ልጆች ያወጡለት ስም ነው። የክንድ መደገፊያዎቹን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

«ና እስኪ» አለኝ። «አንደኛውን ቀይረኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይሄ ምንድን ነው?»

የግራው እንደ አዲስ ነው፤ ቆዳው ያበራል። የቀኙ ጫፉ ላይ ቆዳው አልቆ፣ ስፖንጁ ጎድጉዶ፣ ውስጡ ያለው ብረት ታይቷል። ጉድጓዶቹ አራት ናቸው። ጓንቴ ያንን የማያወልቀውን ጓንት አወለቀና አራት ጣቶቹን አንድ በአንድ ከተታቸው። ልክክ አሉ።

«እዚህ የሚቀመጡት ማን ናቸው?»

«አማቴ።»

«ይፈራሉ እንዴ?»

«ኧረ እሳቸው! የሚተኙ ሰው ናቸው።»

ጣቶቹን ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ እኔም እተኛለሁ» አለ። «ስተኛ ግን አልጋዬን እንዲህ አልይዘውም።»

ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ሁለቱ እጆችዎ ነበር። ግራው ለምን አዲስ እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ግራ እጅዎ ትከሻዬ ላይ ነበር። በአንድ እጅዎ እኔን «አይዞህ» ሲሉ በሌላው ብረት እስኪታይ ድረስ ስፖንጅ ይቆፍሩ ነበር። ጭንቅላትዎ ጀርባዬ ላይ ዘንበል የሚለውም ዓይንዎን ጨፍነው ስለነበር ነው።

ቤት ስገባ ልጅዎ ደረጃው ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። የቀኙን መደገፊያ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ጣቶቿን አስገባች፤ ከዚያ የታጠፈውን ልብስ ሁሉ ጭኗ ላይ በትና መሳቅ ጀመረች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ነግራኝ ነበር» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሁለት ዓመት አልፎታል። ‹ከገደሉ ጋር ስተያይ ነፍሴ አትቀርልኝም፤ ግን ያ ልጅ እኔን ለማስደሰት ብሎ ነው የሚለፋው፤ ቀረሁ ብል ያዝናል› ብላኛለች። እንዳልነግርህም አስምላኛለች።»

«ለምን ታዲያ ዝም አልሽ?»

«አንተስ ‹ወገቤን እንዳትነግሪያት፤ ካወቀች በኔ ምክንያት ብላ ትቀራለች› ብለህ አላስማልከኝም? እኔ እኮ በሁለታችሁ መሐል ምዬ ምዬ የምናገረው አጥቻለሁ። እሷ ለአንተ ብላ ትወጣለች፤ አንተ ለእሷ ብለህ ታወጣታለህ። ገደል ብትገቡ እንኳ ጉዞውን አንዳችሁም አልፈለጋችሁትም ነበር።»

እማማ፣ ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንደሚናደድ ሰው ልሆን ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ከትከሻዬ የወረደውን ነገር ሊያውቁ ከፈለጉ ቅድም የነገርኩዎትን ማደያ ያስታውሱ። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያጋድልብኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ስይዘው፣ ነዳጅ ቀጂው መጥቶ ሲያነሣልኝ። ልክ እንደዚያ ነበር። ልጅዎ ያን ቀን ያጠፈችውን ልብስ በሙሉ ደግመን አብረን አጠፍነው።

በማግስቱ አዲሱን ወሰድኩ። ሻጩ «አማትዎስ?» አለኝ። «አማቴ በልጠውኛል» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ልዋጩንም ያለ መደገፊያው ተቀበለኝ። በርጩማው ላይ ልጅዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ እስከ ገበያው ድረስ አድርሻታለሁ። መንገዱን ሙሉ ጮኻለች። እንደርስዎ ደብቆ መፍራት አልተፈጠረላትም፤ ተመስገን።

አንድ ነገር ግን በእጅዎ ልተው። ከነበረን ሞተር የነቀልነውን መደገፊያ አልሸጥኩትም። ጓንቴ ትንሽ ብረት ከበየደለት አዲሱ ላይ እንደሚገጥመው ነግሮኛል። ሳሎን ባይሆንም ወንበር ይሆናል። የገመትኩት ሁሉ ስሕተት ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ፈርተውም ቢሆን መውጣት ከፈለጉ፣ አንድ ቃል ይበሉኝ። ከእንግዲህ ግን ለእኔ ብለው አይውጡ። እኔም ለእርስዎ ብዬ ደህና ነኝ አልልም፤ ወገቤን ያመኛል።

እስከዚያው እንዲህ አስቤአለሁ። በመጪው ወር ሐኪሙ ሲለቅዎ ትልቋ ልጅዎ ከባሏ ጋር በመኪና ያመጡዎታል። ሲሄዱ ፊት ወንበር ተቀምጠው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ምንም እንዳላስመለስዎት ሰምቻለሁ። እኔ በአዲሱ ሞተር መጥቼ ከመኪናው ፊት ፊት እመራለሁ። ጠመዝማዛው ሲመጣ ቀስ እላለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ተደግፈውት የሄዱትን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይንዎን ገልጠው ያዩታል። ከገደሉ ማዶ ያለውንም ሸለቆ ይዩት፤ ሁልጊዜ ስናልፍ «አዩት አይደል እማማ፣ አያምርም?» እልዎ ነበር። እርስዎም «ያምራል ልጄ፣ ያምራል» ይሉኝ ነበር።

እሁድ ይደውሉልኝ። ይጥራም አይጥራ፣ ስልኩን ለማንም አላቀብልም።

ሾፌርዎ