ቢጫው መስመር ይፋቅ፣ የዋርካው ሥር ተራ ይመለስ

ሐቫና፣ ጁን 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ጓድ ሮላንዶ ቪሊያሎን
የሦስተኛው ቀጠና የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ ወደተነሳሁበት የተራ አስከባሪነት ሥራ እንድመለስ እና ቱሪስቶች የአሳፋፈር ሥርዓት እንዲነገራቸው ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በዋርካው ማቆሚያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ተራ ሳስከብር ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተገፍቶ የወደቀብኝ ሰው የለም። እርስዎ እንደሚያውቁት እኛ ዘንድ ተራ የሚያዘው በመቆም አይደለም። የመጣ ሰው «የመጨረሻው ማነው?» ይላል፣ እጁን ያነሳለትን ሰው መልክ ይይዛል፣ በቃ። ከዚያ ጥላ ሥር ቢቀመጥም፣ ዳቦ ሊገዛ ቢሄድም ተራው የእሱ ነው።

2. ኤፕሪል 16 ቀን ሁለት ቱሪስቶች፣ ባልና ሚስት፣ መጡ። ሠላሳ ሰው ግንቡ ላይ፣ ዋርካው ሥርና ኪዮስኩ በር ላይ ተቀምጦ እያዩ ወረፋ የለም ብለው ደመደሙ። አውቶቡሱ ሲደርስ ሰውየው ፍራሽ የሚያህል ሻንጣ እንዳዘለ በሩ ላይ ተሰነቀረ። ዞር ሲል ሻንጣው የአባባ ኤራስሞን መነጽር መሬት ጣለው። አባባ ኤራስሞ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አንስተው፣ «ልጄ፣ አንተ ከማን ኋላ ነህ?» አሉት። ቋንቋችንን ደህና አድርጎ ይናገራል። «እኔ ወረፋ አላየሁም፣ አባት» አለና ፎቶ አነሳቸው። ያኔ እኔ፣ «ጌታው፣ ይህ ሁሉ ሰው ዛፍ ሊጎበኝ የመጣ መሰለህ? ውረድና ጠይቅ» አልኩት። ያልኩት ይኸው ነው፤ ጫፉን አልነካሁም።

3. ሰውየው አገሩ ገብቶ «ሥርዓት የሌለበት ቦታ ነው፣ ሠራተኛዋም ጮኸችብኝ» ብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ ጻፈ። ጽሕፈት ቤትዎም እኔን የአውቶቡስ ወንበር እንዳጥብ ወደ ጋራዥ ላከኝ፤ ማቆሚያው ላይም ቢጫ መስመር አስቀብቶ ሕዝቡ እዚያ ላይ እንዲቆም አዘዘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ወንበር ማጠቡን እችለዋለሁ፤ አንጀቴን የሚያሳርረው መስመሩ ነው። ጥላው በስተግራ፣ መስመሩ በስተቀኝ፣ ፀሐይ አናት ላይ። ሜይ 28 ቀን አባባ ኤራስሞ መስመሩ ላይ እንደቆሙ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ከልክላቸዋለች። በየሳምንቱ ወንድማቸው ቤት ሄደው ዶሚኖ ይጫወቱ የነበሩ ሰው ዛሬ መስኮት ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

4. ለአንድ ቱሪስት ተብሎ መስመር ከሚቀባ ለቱሪስቶቹ የሚከተለው ምክር በየሆቴሉ ይለጠፍ።

ስትደርስ ጠይቅ፤ አፍ የተሰጠህ ለምግብ ብቻ አይደለም። ሻንጣህን ወደ ደረትህ አዙር። ያላበውን ብብታችንን ፎቶ አታንሳ፣ ቅርስ አይደለም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይመጣል አትበል፤ ብናውቅ ቤታችን ሆነን እንጠብቀው ነበር። ቆመህ ሳለ የተቀመጠች ሴት «ቦርሳህን አምጣ፣ ልያዝልህ» ካለችህ ስጣት፤ ሌባ አያስፈቅድም። ይህ ሁሉ ከከበደህ ታክሲ አለልህ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና ይህንን ለማስተማር ከእኔ የተሻለ ሰው ጽሕፈት ቤቱ የሚያገኝ አይመስለኝም።

5. የመጨረሻው ማስረጃዬ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ሐሙስ መኪናዎ ተበላሽቶ ወደ ዋርካው ማቆሚያ መጡ። እኔም ከጋራዥ ወደ ቤቴ ለመሄድ እዚያው ነበርኩ፤ ሻርፕ ስለተከናነብኩ አላወቁኝም። ቢጫው መስመር ላይ ማንም አልነበረም፣ እርስዎም አልቆሙበትም። በቀጥታ ጥላው ሥር ገብተው «የመጨረሻው ማነው?» አሉ። እጄን አነሳሁልዎ። አውቶቡሱ ሲመጣ ማንም ሳይገፋዎት ተሳፈሩ፤ ወንበርም አገኙ።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ እንድመለስ፣ መስመሩም እንዲፋቅ በአክብሮት አመለክታለሁ። አባባ ኤራስሞም እንደ እርስዎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ።

ውሳኔዎን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኦዳሊስ ፎንሴካ
ሐሙስ ዕለት ከፊትዎ የነበርኩት