አንቺ ያላየሽው ደረቅ ድንጋይ

እማዬ፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ ያለሽበት ቦታ ሕመም የለም ይላሉ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እዚያ ይዘንባል? ካልዘነበ ሥራ ፈተሽ ቁጭ ብለሻል ማለት ነው። ጃንጥላ ሻጭ ገነት ገብታ ምን ትሸጣለች እያልኩ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

ከተለየሽኝ አስር ወር ሆነ። ክረምቱን ሸጠሽ፣ መስቀልን አሳልፈሽ፣ ጥቅምት ላይ ሄድሽ። ለመሞት እንኳን ገበያው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሽ። ስለዚህ ይሄ ያላንቺ የመጀመሪያዬ ክረምት ነው። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ የዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ድመት ጨምሬ ከስምንተኛ ክፍል ከተባረርኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። እሺ፣ ሳቂ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ግቢያችን ግን ተመናምኗል፣ ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ አንቺ የምትቆሚበት ቦታ አበባ ተተክሎበታል። ጠባቂም አለው። አንድ ቀን ዝም ብዬ ልቆምበት ብል በፊሽካ አባረረኝ። እናቴ እዚህ ሃያ ዓመት ቆማለች ልለው አሰብኩና ተውኩት፣ አበባው ምን አደረገ።

እትዬ ብርቄ አሉ፣ ያው ጎረቤታችን ናቸው፣ የትም አልሄዱም። ባለፈው ግራ ነጠላ ጫማቸውን ጣራ ላይ ሰቀልኩባቸው። ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ቀና ሲሉ አዩት። ባንቺ ጊዜ ቢሆን መጥረጊያ ይዘው እስከ ምኒልክ አደባባይ ያባርሩኝ ነበር። አሁን «አይ ልጄ» ብለው በአንድ እግር ጫማ ወደ ቤት ገቡ። ወጥቼ አወረድኩላቸው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ የሚቆጣው የለም ለካ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያዝንልኝ የምፎግረው ሰው አጣሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ያስማልሽኝን መሐላ ባለፈው እሁድ ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም ነበር።

መጀመሪያ ነገር ድንጋይ መውጣቴን መቼ ወደድሽልኝና። ስድስት ቀን ሙሉ የፎቅ መስታወት ሲጠርግ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው፣ በሰባተኛው ቀን በገዛ እግሩ ሊንጠለጠል ይሄዳል ወይ እያልሽ ለእትዬ ብርቄ ትከሺኝ ነበር። ክረምት ሲገባማ አንድ ጣራ ሥር ሁለት ጸሎት ነበር። አንቺ ዝናብ፣ እኔ ፀሐይ። እግዜር ሁልጊዜ ያንቺን ይሰማል። ለነገሩ አንቺ ተነስተሽ ቆመሽ ነው የምትጸልዪው፣ እኔ ተኝቼ።

እርጥብ ድንጋይ ሳሙና ነው። እጅ አይይዝም፣ እግር አይቆምበትም። ሁለት ክረምት ከሽሮ ሜዳ በላይ ባህር ዛፉን ሳስስ ደረቅ አለት አጥቼ ስመለስ፣ አንድ ቀን ጃንጥላ እያጠፍሽ ሚስጥሩን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ዝናብ እንደ ሰካራም ነው አልሽኝ፣ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወዴት እንደሚያዘነብል ካየህ እኔ በሌላኛው በኩል ቆሜ እንደምሸጠው አንተም በሌላኛው በኩል ፈልግ አልሽኝ። በሳምንቱ ደረቅ አለት አገኘሁ። ያራዳ ልጅ ነኝ ባዩ እኔ ሆኜ፣ ነቄዋ አንቺ ሆነሽ ተገኘሽ።

ድንጋዩ ሲገኝ ደግሞ ሰው ጠፋ። ገመዱ አለቱ አናት ካለው ዛፍ ጋር ባሰርኩት ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ጫፍ የኔ ወገብ ላይ ነው፣ ሌላውን ጫፍ ሥር የቆመ ሰው ይይዛል። የሥራ ጓደኛዬ ሚኪ ይይዝልኝ ነበር፣ ግን ሦስት ጊዜ «ወደቅኩ» ብዬ ስለፎገርኩት እምቢ አለ። ያኔ ከቅዳሴ መልስ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አሰርሽና እኔ ምን ሆኜ ብለሽ መጣሽ። አንቺን የሚያነሳ ገመድ ገና አልተሠራም፣ ከዛፉ አንቺን አምናለሁ አልኩሽ። በጃንጥላው መታሽኝ። ከዚያ ጫፉን ይዘሽ ዓይኔን እያየሽ አስማልሽኝ።

«ገመዱን ሰው ሳይዝልህ ብትወጣ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ።»

ሳቅኩ። ማልኩ።

አሁን የምነግርሽን ታውቂዋለሽ፣ ግን እኔ እንደማውቀው አታውቂም። አምና ነሐሴ አለቱ መሀል ላይ ደርሼ «ወደቅኩ» ብዬ እጄን ለቀቅኩ። ለቀልድ። ገመዱ መዳፍሽ ውስጥ ሮጦ ቆመ። ያዝሽኝ። ስወርድ እየሳቅኩ ነበር። አንቺ አልተቆጣሽም፣ ጃንጥላሽን አንስተሽ ወደ ታክሲው ሄድሽ። ሳምንቱን ሙሉ እጅሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ ሸጥሽ። ምን ሆነሽ ነው ሲሉሽ የድስት ጆሮ አቃጠለኝ እያልሽ ለእትዬ ብርቄ ስትነግሪ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ። የኔን ገመድ ድስት አደረግሽው። ገብቼ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ገባሁና ታዲያ ወጡ የታለ አልኩ። አንቺም ሳቅሽ። እማዬ፣ ይቅርታ። አመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬ ነው ከአፌ የወጣው።

እሁድ እንዲህ ሆነ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ነበር። ቤት ውስጥ ያንቺን አልጋና የኔን አልጋ ሳይ መዋል አልቻልኩም። ሚኪን ደውዬ ለመንኩት። እሱም በምን አውቄ፣ ስትወድቅና ስትፎግር ድምፅህ አንድ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋው። ብቻዬን ሄድኩ። ለማየት ብቻ ነው እያልኩ ራሴን እየፎገርኩ፣ ገመዱን ግን አዝዬ።

የኛ ድንጋይ አልቦታል። ዝናቡ ከላይ አላገኘውም፣ ውሃው ከውስጡ ነው የሚወጣው፣ ሦስት ቀን ጠጥቶ ጠጥቶ። ቆምኩና ዝናቡን አየሁት፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔ በሌላኛው በኩል ጉብታውን ዞርኩ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። ከቁጥቋጦው ጀርባ አንድ አለት አገኘሁ፣ ከላይ ወደ ፊት ደፋ ያለ፣ ያንቺን ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ገትረሽ ስትይዢው የሚመስል። ሥሩ አቧራ አለ። በነሐሴ አቧራ! ቅጠሉ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። የሸረሪት ድሩ እንኳን ጠብታ አልነካውም። መዳፌን ለጠፍኩበት፣ ከዚያ ጉንጬን። እንደ ባለፈው ሳምንት ዳቦ ደረቅ።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» ብዬ ዞርኩ።

ዝናቡ ፊት ለፊቴ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ካንቺ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ድንጋይ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀውን ሁሉ አንቺ ታውቂው ነበር፣ የደበቅኩሽን ሳይቀር። ይሄን ግን አላየሽውም።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ገመዱን ከቦርሳው ሳላወጣ ጀመርኩ። ምንም አይደል፣ ትንሽ ከፍ ብዬ እወርዳለሁ አልኩ። እጅ መያዣው እንዴት ያምራል መሰለሽ። የሁለት ሰው ቁመት ወጣሁ። ከዚያ በላይ የሚወድቅ ሰው አይነሳም። ቀኝ እጄን ወደሚቀጥለው ልልክ ስል ከአፌ «ያዝሽ?» የሚል ወጣ። ልማድ ነው። ሁልጊዜ ወደ ከባዱ ቦታ ከመግባቴ በፊት እጠይቅሻለሁ፣ አንቺም «ይዤሃለሁ፣ ውጣ» ትዪኛለሽ፣ እንደ ታክሲ ረዳት ጮክ ብለሽ። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። በእውነት ጠበቅኩ፣ እማዬ። ዝናቡ ብቻ ነው ያወራው።

ወረድኩ። መውረድ ከመውጣት ይብሳል። መሬት ስነካ አቧራው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ቦታው ደረቅ ነው፣ ዝናብ ነው ብዬ እንኳን ልዋሽሽ አልችልም።

ሰኞ ሥራ ቦታ ምሳ ስንበላ ለሚኪ ስለ እጅሽ ነገርኩት። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ድስቱ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ስለሰማሁት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ጉርሻውን እንደያዘ ፊቴን ሲያጠና ቆየ።

«አሁን የምትስቀው መቼ ነው?» አለኝ።

«አልስቅም» አልኩት።

ጉርሻውን ጎረሰ። አላምጦ ዋጠ። ከዚያ እስቲ እሁድ ይምጣ አለኝ፣ አንዲት ቀልድ ከሰማሁ ግን እስከ መስቀል ሰቅዬህ ነው የምሄደው። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። የሱ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት።

አሁን ይሄን ስጽፍ አርብ ከሰዓት ነው፣ ይዘንባል። እትዬ ብርቄ ለፍልሰታ የሠሩትን ሽሮ አምጥተው በሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ጫማቸውን አልነካሁም።

እማዬ፣ እሁድ ሚኪ ከመጣ ገመዱን ይይዛል፣ እኔም እወጣለሁ። ካልመጣ አለቱ ሥር ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ አያለሁና እመለሳለሁ። የሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው፣ ክረምቱ ሁሉ እንደዚያው ቢሆን እንኳን። ሰው ሳይዘኝ አልወጣም። አልረሳሽም ማለት ለኔ ይሄ ነው፣ ሌላ አላውቅበትም። ይሄኛው ቀልድ የለበትም።

ልጅሽ